«ተባረረ» ለሁሉም አይበቃም፦ ስለ እንግሊዝኛ የማስወጫ ግሦች



የተጠራሁት ስለ ትርጉም እንድናገር ነው። እኔ ግን ከሰፊው ርዕስ ላይ አንዲት ጠባብ ጉዳይ ቆንጥሬ መጥቻለሁ፤ እንግሊዝኛ ሰውን ከቦታው ለማስወጣት የሚጠቀምባቸውን ግሦች። ከቤት፣ ከሥራ፣ ከወንበር፣ ከዙፋን፣ ከማኅበር፣ ከአገር ማስወጣት። በዜና ክፍል የምትሠሩ፣ በፍርድ ቤትና በስደተኞች ጉዳይ የምታስተረጉሙ ሰዎች እነዚህ ግሦች በየቀኑ እጃችሁ ላይ እንደሚወድቁ ታውቃላችሁ። ሰዓቱም ይጣደፋል፣ አዘጋጁም ይጠብቃል፤ ስለዚህ አብዛኞቻችን ሁሉንም በሁለት ቃል እንሸኛቸዋለን፦ «ተባረረ»፣ «ከሥልጣን ተወገደ»። ዛሬ የምከራከረው እነዚህ ሁለት ቃላት ብዙ ጊዜ ዜናውን ራሱን እንደሚለውጡት ለማሳየት ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የእኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

በ2023 መገባደጃ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በሁለት ወር ውስጥ በሁለት ሰዎች ላይ ድምፅ ሰጠ። ኦክቶበር 3 ቀን አፈ ጉባኤው ኬቨን ማካርቲ በ216 ለ210 ድምፅ ወንበራቸውን አጡ። የእንግሊዝኛው ዜና ግሥ «አውስት» ነበር። ዲሴምበር 1 ቀን ደግሞ ጆርጅ ሳንቶስ የተባሉት የኒው ዮርክ ተወካይ በ311 ለ114 ድምፅ ተሸኙ። ግሡ አሁን «ኤክስፔል» ሆነ። አማርኛችን ለሁለቱም «ተባረሩ» ይላል፤ ሲያሰኘው ደግሞ «ከምክር ቤቱ ተባረሩ»።

ማካርቲ ግን ከምክር ቤቱ አልተባረሩም። የተነጠቁት የአፈ ጉባኤነቱን ሥልጣን ብቻ ነው። በማግሥቱም የካሊፎርኒያ ተወካይ ነበሩ፤ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ድረስም ቆይተው ራሳቸው ለቀቁ። ሳንቶስ ግን አባልነታቸውን ነው ያጡት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የመረጣቸው ወረዳ ያለ ተወካይ ቀረ። የድምፁም ልክ ለየብቻ ነው። አፈ ጉባኤን ለማውረድ ተራ አብላጫ ይበቃል፤ አባልን ለማባረር ግን ሕገ መንግሥቱ ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል። እንግሊዝኛው ሁለት ግሥ የተጠቀመው ቃል ለማሳመር ብሎ አይደለም። እዚህ ላይ «ኤክስፔል» የሚባለው አባል የሆነ ሰው፣ አባል ካደረገው አካል፣ ያ አካል በራሱ ደንብ ሲያወጣው ነው። ተማሪ ከትምህርት ቤት፣ ካድሬ ከፓርቲ፣ አገርም ከማኅበር በዚህ ግሥ ይወጣል። ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን በመውረሯ ከመንግሥታት ማኅበር በ1939 ስትወጣ የተነገረውም በዚሁ ቃል ነው።

«አውስት» ሌላ ጠባይ አለው። ከኖርማን ፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ መደቡ ከመሬት ጉዳይ ጋር ነበር፤ በመሬቱ ላይ የተቀመጠን ሰው ከይዞታው ማስለቀቅ፣ በተለይም ያለ መብት መንጠቅ ማለት ነበር። ዛሬ ጋዜጠኛው ሲጽፈው ያንን ታሪክ አያስበውም፤ ነገር ግን የቃሉ ወዝ አልጠፋም። «አውስት» የተደረገ ሰው ቦታውን የሙጥኝ ብሎ የነበረ ሰው ነው። ሊለቅ አልፈለገም፤ አስለቀቁት። በምን መንገድ? ግሡ አይናገርም። በድምፅ ሊሆን ይችላል፣ በታንክ ሊሆን ይችላል፣ በጓዳ ሹክሹክታም ሊሆን ይችላል።

የብሪታንያዋን ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን እንውሰድ። በኖቬምበር 1990 በፓርቲያቸው የመሪነት ውድድር የመጀመሪያ ዙር 204 ለ152 አሸንፈዋል። ልብ በሉ፣ አሸንፈዋል። የፓርቲው ደንብ ግን ከተፎካካሪ በላይ የ15 በመቶ ብልጫ ይጠይቅ ስለነበር አራት ድምፅ ጎደላቸው። ከዚያ ሚኒስትሮቻቸው አንድ በአንድ እየገቡ «በሁለተኛው ዙር አያሸንፉም» አሏቸው፤ ኖቬምበር 22 ቀን እንደሚለቁ አስታወቁ። በወረቀት ላይ ያለው «በፈቃዳቸው ለቀቁ» የሚል ነው። የእንግሊዝ የታሪክ መጻሕፍት ግን ታቸር «አውስት» ተደረጉ ብለው ይጽፋሉ፤ የሚቃወምም የለም። ይህን ወደ አማርኛ የሚያመጣ ሰው «ከሥልጣን ተወገዱ» ቢል መፈንቅለ መንግሥት ያስመስለዋል፤ «ሥልጣን ለቀቁ» ቢል ደግሞ የባልደረቦቻቸውን እጅ ይሰውራል። እኔ «እንዲለቁ ተገደዱ» እመርጣለሁ። ረዘም ይላል፤ ይርዘም።

እዚህ ላይ ስለ አቅጣጫ አንድ ነገር ልበል፤ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲጻፍ ብዙም አላየሁም። «ዲስሚስ» ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሿሚው ተሿሚውን ያሰናብታል። በ1975 የአውስትራሊያ አገረ ገዥ ሰር ጆን ኬር ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላምን ሲያነሷቸው አውስትራሊያውያን ነገሩን እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚህ ግሥ ስም ነው። ስሙ በራሱ አገረ ገዥው የሚያሰናብት በላይ ነበር ይላል፤ ክርክሩም እዚያው ላይ ነው። «ኦቨርትሮው»፣ መገልበጥ፣ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። «አውስት» ከጎን ይመጣል፤ ከጓድ፣ ከምክትል፣ ከጄኔራል። አማርኛ ይህን አያጣውም፤ እንዲያውም «ሹም ሽር» ብሎ ሹመቱንና ሽረቱን በአንድ ትንፋሽ የሚጠራ ሕዝብ ነን። የሻረ ሁሉ የሾመ መሆኑን ማንም ይረዳል። ታዲያ ጄኔራሎች ያወረዱትን ፕሬዚዳንት «ተሻረ» ስንል ጄኔራሎቹን ሿሚ እያደረግናቸው ነው።

አሁን ወደ ዙፋን ልውሰዳችሁ። እንግሊዞች ንጉሣቸውን ካስወጡ በኋላ ስለ ግሡ የተከራከሩበት ዘመን ነበር፤ ክርክሩም ለሳምንት ተኩል ያህል የአገሪቱን ሁለት ምክር ቤቶች ፊት ለፊት አቁሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1688 መጨረሻ የኦራንዡ መስፍን ዊልያም ጦሩን ይዞ ሲመጣ ንጉሥ ጄምስ ሁለተኛ ከለንደን በሌሊት ሸሹ። ሲሸሹ ታላቁን የመንግሥት ማኅተም ቴምዝ ወንዝ ውስጥ ጣሉት፤ ያለ ማኅተም አዋጅ አይወጣም፣ ፓርላማም አይጠራም ብለው። ባሕር ዳር ፋቨርሻም አጠገብ ዓሣ አጥማጆች ያዟቸውና ለንደን ተመለሱ። ሁለተኛ ጊዜ ሲሸሹ ግን የሚይዛቸው አልተገኘም፤ እንዲያውም በሩ ሆን ተብሎ ክፍት የተተወ ነበር። ፈረንሳይ ገቡ።

በጃንዋሪ 1689 የተሰበሰበው ጉባኤ ንጉሥ የሌለው ዙፋን ጠበቀው። ምን ተብሎ ይጻፍ? ሁሉም የሚያውቀውን ለመጻፍ «ዲፖዝ» የሚል ዝግጁ ግሥ አለ፤ ንጉሥን ከዙፋን ማውረድ። ይህን የሚጽፍ ግን አልተገኘም። «ንጉሡን አወረድነው» ካሉ፣ ምክር ቤት ንጉሥን ማውረድ ይችላል ማለት ነው፤ ነገ የሚያነግሡትን ዊልያምንም ጭምር። አርባ ዓመት ቀደም ብሎ ቻርልስ አንደኛን ፈርደው አንገቱን የቀሉት የዚያ አገር ሰዎች ናቸው፤ ወደዚያ መመለስ የሚፈልግ አልነበረም።

ጃንዋሪ 28 ቀን የታችኛው ምክር ቤት ወሰነ፤ ንጉሡ ከአገር በመውጣት መንግሥትን «አብዲኬት» አድርገዋል፣ ዙፋኑም ክፍት ሆኗል አለ። «አብዲኬት» ማለት ዘውድን በገዛ እጅ ማስረከብ ነው። በሌሊት በጀልባ የሸሸ ሰው ያስረከበው ነገር የለም፤ ሆኖም ቃሉ ተጻፈ። መኳንንቱ ያሉበት የላይኛው ምክር ቤት ግን አልዋጥ አለው። ይህ ቃል በእንግሊዝ ሕግ የሚታወቅ አይደለም፣ ከሮማውያን ሕግ የመጣ ነው፣ በግልጽ ፈቅዶ መተውን ይጠይቃል ሲሉ ተከራከሩ። «ዴዘርት» ይባል አሉ፤ ጥሎ ሄደ፣ ከዳ። ልዩነቱ ላይ ላዩን ሲታይ የቃል ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን ጥሎ የሄደ ሰው ሊመለስ ይችላል፤ ዙፋኑም ክፍት አልሆነም፣ ወራሹን ይጠብቃል። ዘውዱን ያስረከበ ሰው ግን አልቆለታል። ከታችኛው ምክር ቤት ጆን ሶመርስ የተባለው የሕግ ሰው ተነስቶ መለሰላቸው፤ «ዴዘርት»ም ቢሆን በሕጋችን የታወቀ ቃል አይደለም፣ ሰው ደግሞ በቃል ብቻ ሳይሆን በሥራውም ሥልጣኑን ይተዋል አለ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን መኳንንቱ ተሸነፉ። ከሳምንት በኋላ ዊልያምና ሚስቱ ሜሪ ዘውዱን ተቀበሉ።

እኔን የሚያስቀኝ የስኮትላንዶች ነገር ነው። እነሱ በዚያው ዓመት አፕሪል ላይ በራሳቸው ጉባኤ ሲወስኑ ይህን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም አልሄዱም። ንጉሡ ሕግ በመጣሱ የዘውድ መብቱን አጥቷል ብለው ጻፉ፤ ጥፋተኛ አድርገውት ቁጭ። አንድ ሰው፣ አንድ ሽሽት፣ በአንደኛው አገር «አስረከበ»፣ በሌላኛው «በጥፋቱ ተቀማ»።

ስለ ማካርቲ ወደተናገርኩት ልመለስና፣ በ2023 በአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ «አፈ ጉባኤውን እናስወግድ» አይልም። የአፈ ጉባኤው መንበር ክፍት መሆኑ ታውጇል ይላል። ሰውየው የለም፣ ያወረደው የለም፤ ያለው ወንበሩ ብቻ ነው። ከ334 ዓመት በፊት «ዙፋኑ ክፍት ነው» ያሉት ሰዎች ቋንቋ ነው።

በእኛ ታሪክ ላይ ያሉት የእንግሊዝኛ ግሦችም መመርመር ይገባቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው አነባቸዋለሁና። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከዙፋን አወረደ። የእንግሊዝኛው ትክክለኛ ግሥ «ዲፖዝ» ነው። «ኦቨርትሮው» ከሰው ይልቅ ለሥርዓት ይስማማል፤ ዘውዱ ራሱ ደግሞ በዚያ ቀን አልተገረሰሰም። ደርግ ለሕክምና ውጭ አገር የነበሩትን አልጋ ወራሽ ንጉሥ ይሆናሉ ብሎ አውጆ ነበር፤ ዘውዱ የተሻረው ከስድስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 1967 ዓ.ም. ላይ ነው። በልጅ ኢያሱም ላይ የሆነው ይኸው ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰውየው ወረዱ፤ ዙፋኑ ግን ያለ ሰው አላደረም፣ ዘውዲቱ ነገሡበት። በ1983 ዓ.ም. ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን ወደ ዚምባብዌ ወጡ፤ በዚያች ቀን የወረደ እንጂ የተገለበጠ አልነበረም። የተገለበጠው ሥርዓቱ ነው፣ እርሱም ግንቦት 20 ቀን። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የራሳችን ልጆች «መንግሥቱ ኦቨርትሮው ተደረገ» ሲሉ ሳይ፣ ያቺን የሳምንት ልዩነት ማን እንደዋጣት እጠይቃለሁ።

ግሥ ገንዘብ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ በጀት ሕግ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የቆየ አንድ አንቀጽ አለ፤ በሕጋዊ ምርጫ የተመረጠ የመንግሥት መሪ በወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት «ዲፖዝ» ከተደረገ፣ ለዚያ አገር መንግሥት ዕርዳታ ይቋረጣል ይላል። ጁላይ 3 ቀን 2013 የግብፅ ጦር ፕሬዚዳንት ሙርሲን አወረደ። ለግብፅ ጦር በየዓመቱ የሚሰጠው 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። የዋሽንግተን ባለሥልጣናት ሳምንታትን ያሳለፉት «መፈንቅለ መንግሥት» የሚለውን ቃል ላለመናገር እየተጠነቀቁ ነበር፤ በመጨረሻም ሕጉ «ይህ መፈንቅለ መንግሥት ነው ወይም አይደለም ብላችሁ ወስኑ» ብሎ አያስገድደንም አሉ። ጋዜጦቹ በእነዚያ ወራት ምን ጻፉ? «አውስት»። ፍርድ የማይሰጥ ግሥ ስለሆነ ለሁሉም ተመቸ። የአንባቢውን ጥያቄ ግን አይመልስም፤ እኛም ስንተረጉም «ተወገዱ» ብለን ከእነሱ ጋር አብረን ዝም አልን።

«ኢምፒች»ን በአንድ አፍታ ላሳልፈው። ከሥልጣን ማውረድ አይደለም፣ ክስ መመሥረት ነው። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች አንድሩ ጆንሰን በ1868፣ ቢል ክሊንተን በ1998፣ ዶናልድ ትራምፕ በ2019ና በ2021 ተከስሰዋል፤ በሴኔቱ የወረደ ግን አንድም የለም። ኒክሰን ደግሞ ክሱ ሳይጸድቅ ቀድመው ለቀቁ። ስለ እነሱ «ኢምፒች ተደርገው ወረዱ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካገኛችሁ ሰርዙት።

ከቤተ መንግሥት ወደ ኪራይ ቤት እንውረድ። «ኢቪክት» በላቲን መሠረቱ ድል ከመንሳት የመጣ ነው፤ በፍርድ ቤት ረትቶ ንብረትን ማስመለስ። ዛሬም ያ የፍርድ ቤት ሽታ አለው። በእንግሊዝ አከራይ ተከራዩን ለማስወጣት በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፣ ተከራዩ ካልወጣ ፍርድ ቤት ሄዶ ትእዛዝ ያወጣል፣ አሁንም ካልወጣ የፍርድ ቤቱ አስፈጻሚዎች ይመጣሉ። አከራዩ ራሱ ቁልፍ ቀይሮ ዕቃ ቢያወጣ በ1977 ሕግ ወንጀል ይሆናል። በአሜሪካም በብዙ ቦታ ሸሪፉ ካልመጣ ማንም አይነካህም። በዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን «ኢቪክሽን መጣብኝ» የሚሉት ይህን ወረቀት ነው፤ ቃሉን እንዳለ መውሰዳቸው አይገርመኝም፤ «ከቤት አባረሩኝ» ቢሉ አከራዩ የተቆጣ ይመስላል እንጂ ቀጠሮ ያለው ጉዳይ አይመስልም። ፍራሽና የሕፃን ጫማ መንገድ ዳር ሲወጣ የሚያዩት ልጆች ግን ይህ ልዩነት ሊያጽናናው የሚችል አንድም ሰው እንደሌለ ያውቃሉ። ለዚህ ግሥ አማርኛ የራሱ ጥሩ ቃል አለው፦ አስለቀቀ። «ቤቱን ልቀቅልኝ» ብለን ነው ያደግነው።

እዚሁ ላይ የምንናገረው «የልማት ተነሺ» የሚል ስም አለ። ሰዋስዉን ተመልከቱት። ተነሺ የሚነሣ ነው፤ የሚያነሣው የት አለ? እንግሊዝኛም ተመሳሳይ መሸሸጊያ አለው፤ «ሪሎኬት» ተደረጉ ይላል፣ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ። የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ኮሚቴ ግን በ1997 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 7 «ፎርስድ ኢቪክሽን» የሚል ስም ሰጠው፤ ያለ በቂ የሕግ ከለላ፣ ሰዎችን ያለ ፈቃዳቸው ከቤታቸው ወይም ከመሬታቸው ማስወጣት። አንድ ሰፈር ሲነሣ ባለሥልጣኑ በአንዱ ቃል መግለጫ ይሰጣል፣ ነዋሪው በሌላው አቤት ይላል፣ ዘጋቢው መሐል ላይ ይቆማል። ካሳ ተከፍሎ እንደሆነ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ እንደሆነ፣ ሰው የሚገባበት ቤት ነበረ ወይስ አልነበረም፣ ይህን ሳይጠይቅ የትኛውንም ግሥ መምረጥ የለበትም ባይ ነኝ።

ስለ ሥራ ብዙ አልልም፤ እዚህ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው አያንስም። «ፋየር» ወይም «ሳክ» የተደረገ ተባርሯል፤ «ሌይ ኦፍ» የተደረገ ተቀንሷል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችንም ቅነሳን ከስንብት ይለያል። በአሜሪካ ደግሞ ቃሉ ኪስ ይነካል፤ በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ የሥራ አጥነት ክፍያ ያገኛል፣ በጥፋት የተባረረ ሊከለከል ይችላል። ቅጽ የሚሞሉ እናቶችን የምትረዱ ልጆች፣ እናትሽ «አባረሩኝ» ስላለችሽ ብቻ «ፋየርድ» ብለሽ አትሙዪ፤ መጀመሪያ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። እናቶቻችን ለሁለቱም «አባረሩኝ» ነው የሚሉት። ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1951 ጄኔራል ማክአርተርን ከአዛዥነት ሲያነሱ ትእዛዛቸው «ሪሊቭ» ይል ነበር፤ ሸክም ማቃለል እንደ ማለት። ጋዜጦቹ «ፋየርድ» አሉ። ጄኔራሉ የትኛው እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም።

የመጨረሻው ነገሬ ከአገር መውጣት ነው፤ እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልሂድ።

በኢሚግሬሽን ጉዳይ «ዲፖርት» የሚደረገው የውጭ ሰው ነው። አገር የራሱን ዜጋ ሲያስወጣ ግን ብዙ ጊዜ ስሙ ሌላ ነው፣ «ኤክስፔል» ወይም «ባኒሽ» ወይም «ኤግዛይል»። ኢዲ አሚን በ1972 የኡጋንዳን እስያውያን በ90 ቀን ውጡ ሲል የታሪክ ጸሐፊዎች «ኤክስፔል» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ብዙዎቹ እዚያው የተወለዱ፣ የኡጋንዳ ዜግነት ያላቸውም ነበሩባቸው። ዲፕሎማትም «ኤክስፔል» ይደረጋል። ከ1961 የቪየና ስምምነት ጀምሮ ተቀባይ አገር ምክንያት ሳይሰጥ «የማይፈለግ ሰው» ብሎ ሊያስወጣው ይችላል። መንግሥታችን በሴፕቴምበር 2021 ሰባት የተባበሩት መንግሥታት ባለሥልጣናትን በ72 ሰዓት እንዲወጡ ሲያዝ የእንግሊዝኛው ዜና ይህንኑ ግሥ ተጠቀመ። ድርጅቱ ግን ሕጉ የአገሮችን ዲፕሎማቶች እንጂ የእኔን ሠራተኞች አይመለከትም ብሎ ተሟገተ። ጠቡ ግሡ የያዘው መብት አለ ወይስ የለም የሚል ነበር።

በአሜሪካ ሕግ «ዲፖርት» የሚለው ቃል ራሱ ከማስወጫው ትእዛዝ ላይ ወጥቷል። በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ከ1997 ጀምሮ ሁሉንም «ሪሙቫል» በሚል አንድ ስም አጠቃለለው። ሰዎች አሁንም «ዲፖርት ተደረገ» ይላሉ፣ ጋዜጣውም ይላል፤ ዳኛዋ የምትፈርመው ወረቀት ግን «ሪሙቭ» ነው የሚለው። ጭራሽ በወረርሽኙ ጊዜ ሌላ መጣ። ከማርች 2020 እስከ ሜይ 2023 በድንበር የተያዙ ሰዎች በጤና ሕግ መሠረት በገፍ ሲመለሱ «ኤክስፐልሽን» ተባለ። ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ ይመለሱ ነበር፤ ነገር ግን መዝገብ ላይ የማስወጣት ትእዛዝ ስላልተጻፈባቸው፣ ለዓመታት እንዳይመለሱ የሚያግደው ቅጣት በዚህ ምክንያት አይደርስባቸውም ነበር። ስለዚህ ብዙዎች ደግመው ደጋግመው ሞከሩ። ሁለቱን «ተባረረ» ብሎ የሚተረጉም አስተርጓሚ የደንበኛውን የወደፊት ዕድል ነው የሚያምታታበት።

ከሳዑዲ የመጡትን ደግሞ አስቡ። ከኖቬምበር 2013 በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ተመልሰዋል። የእኛ ይፋዊ ቃል «ከስደት ተመላሾች» ነበር፤ እነሱ ራሳቸው ግን ብዙዎቹ «ተጠረዝን» ነው ያሉት። «ተመላሽ» የእግሩን ፈቃድ ይዞ የመጣ ያስመስላል። የታሰረ፣ የተደበደበ፣ ደመወዙን ያጣ ሰው ቃሉን ሲሰማ ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም።

አስተርጓሚዎችን ግን ከሁሉ የሚያስጨንቃቸው አንድ ሐረግ አለ፤ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ዳኛ የሚናገረው «ቮለንተሪ ዲፓርቸር»። ቃል በቃል «በፈቃድ መሄድ» ነው። ትርጉሙ ግን ከዚያ ይከብዳል። ሰውየው በራሱ ወጪ፣ በተወሰነ ቀን ከአገሪቱ ይወጣል፤ ጉዳዩ ሳያልቅ ከተስማማ እስከ 120 ቀን፣ መጨረሻ ላይ ከሆነ እስከ 60 ቀን ሊሰጠው ይችላል። በመዝገቡ ላይ የማስወጣት ትእዛዝ አይጻፍበትም፣ ትልቁ ጥቅሙ ይህ ነው። በቀነ ገደቡ ካልወጣ ግን ፈቃዱ ወደ ትእዛዝ ይለወጣል፣ በገንዘብ ይቀጣል፣ ለአሥር ዓመትም ብዙ ዓይነት የኢሚግሬሽን ዕድል ይዘጋበታል። ታዲያ አንድ አዛውንት ችሎት ፊት ቆመው «በፈቃድዎ መሄድ ይፈልጋሉ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «አይ፣ እኔ መሄድ አልፈልግም ልጄ» ብለው ቢመልሱ ጥፋቱ የማን ነው? ጥያቄው በአማርኛ ትክክል ነበር፣ መልሱም ትክክል ነበር። አስተርጓሚ ደግሞ ከራሱ ማብራሪያ መጨመር አይፈቀድለትም።

እኔ የምለው፣ «ትእዛዝ ሳይጻፍብዎ በራስዎ ወጪ በተወሰነ ቀን መውጣት» ቢባል ይሻላል ነው፤ ካልሆነም ዳኛውን ፈቃድ ጠይቆ ሐረጉ እንዲብራራ ማድረግ። ረጅም ነው የሚሉኝ አሉ፤ ችሎት ውስጥ ጊዜ የለም የሚሉም አሉ። ከእናንተ መካከል በዚህ ሥራ የቆያችሁ ምን ብላችሁ እንደምትተረጉሙት መስማት እፈልጋለሁ። ማይክሮፎኑ ከፊት ረድፍ ይጀምር።